ከደመወዛችን ስለሚቆረጠው መዋጮ፦ ለመሥሪያ ቤታችን የሰው ሀብት አስተዳደር መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለመሥሪያ ቤታችን የሰው ሀብት አስተዳደር መምሪያ

ግልባጭ፦ ለሠራተኛ ማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ፣ እንዲሁም በየመሥሪያ ቤቱ የመዋጮ ወረቀት ለሚዞርበት ሠራተኛ ሁሉ

ጉዳዩ፦ «ማኅበራዊ መዋጮ» በሚል ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ገንዘብ እንዲቆምና የስጦታ አሰባሰባችን እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፤

የጥር ደመወዛችን ሲገባ በደመወዝ ወረቀታችን ላይ፣ ከሥራ ግብሩና ከ7 በመቶው የጡረታ መዋጮ በታች፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ አንድ መስመር አየን። «ማኅበራዊ መዋጮ 300.00» ይላል። ወሩ አጋማሽ ላይ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ማስታወሻ ሊቆረጥ እንደታሰበ ነግሮን ነበር። ማንም መጥቶ ስላላስፈረመን ግን «ገና ይጠይቁናል» ብለን ተቀምጠን ነበር። ሳንጠየቅ ተቆረጠ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። 37 ባልደረቦቼ አንብበው ተስማምተውበታል። እኔን ጻፊ ያሉኝ ላለፉት 11 ዓመታት በዚህ መሥሪያ ቤት ሰው ባገባ፣ በወለደ፣ ባዘነ፣ በታመመና በተሸኘ ቁጥር ወረቀት ይዤ ከምድር ቤት እስከ አምስተኛ ፎቅ ስዞር የኖርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ማንም አልሾመኝም። መዝገብ ቤት የሁሉም ክፍል ሰው ስለሚመላለስበት ማን እንደወለደች፣ የማን አባት እንዳረፉ ቀድሞ የሚሰማው እዚያ ነው፤ «በይ አንቺው ያዢው» እየተባለ በዚያው ሥራዬ ሆኖ ቀረ። የሰበሰብኩትን ሁሉ የመዘገብኩባቸው ሦስት ደብተሮች አሁን ፊቴ ተዘርግተዋል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ነገሮች አብዛኞቹ ከእነሱ የተገኙ ናቸው። የሰው ስም ግን አልጠራም።

አስቀድሞ እኛ መዋጮን የምንጠላ ሰዎች እንዳልሆንን ይታወቅልን። እናቴ ስታርፍ ባልደረቦቼ ያመጡልኝ 8,400 ብር ጭንቅ ሰዓት ላይ ደርሶልኛል። ከብሩም በላይ እስከ ሠልስቱ ድረስ እየተፈራረቁ ቤቴ ማምሸታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ለአንድ ሰው ሃምሳ ሎሚ ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን አባባል በየወረቀቱ አናት ላይ በገዛ እጄ ስጽፍ የኖርኩት አምኜበት ነው። የምንሟገተው ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እየወደቀ፣ ጌጡ ደግሞ ለማን እየሆነ እንደሄደ አይተን ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነን ከማስታወሻው ጀርባ የተያያዘው ሠንጠረዥ ነው። አከፋፈሉ ላይ ከጥበቃ እስከ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሁላችንም እኩል 300 ብር እንከፍላለን። አሰጣጡ ላይ ሲደርስ ግን ሰው በደረጃው ይለያል። ለመምሪያ ኃላፊና ከዚያ በላይ ላሉ ሽኝት እስከ 50,000 ብር፣ ለባለሙያ 15,000፣ «ድጋፍ ሰጪ» ለተባልነው 5,000። ለጋብቻ 20,000፣ 10,000 እና 4,000። ለሐዘን እንኳ ልዩነት ተበጅቶለታል፤ የኃላፊ እናት ሲያርፉ 15,000 ብር፣ የተላላኪ እናት ሲያርፉ 5,000 ብር። ይህን መስመር ያነበብኩ ጊዜ ዓይኔ የተሳሳተ መስሎኝ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ደግሜ አነበብኩት።

ከእኛ ጋር የሚሠራ አንድ ተላላኪ አለ። ደመወዙ 6,200 ብር ነው፤ ግብርና ጡረታው ተቀንሶ እጁ የሚገባው 5,000 ብር ገደማ ነው። 300 ብር ለእሱ ከቤቱ ወደ ሥራ በታክሲ የሚመላለስበት የሳምንት ገንዘብ ነው። በዓመት 3,600 ብር ከፍሎ በዓመቱ መጨረሻ እናቱ ቢያርፉበት፣ ከራሱ ገንዘብ ላይ 1,400 ብር ብቻ ጨምረን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ልንለው ነው። ለመምሪያ ኃላፊው የሚሰጠው ቀሪ 11,400 ብር ከማን ኪስ እንደሚመጣ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ከእሱና ከእሱ መሰሎች ነው።

ሰፈሬ ባለው ዕድር ሐኪም አለ፣ ጉልት የምትቸረችር አለች፣ ጡረተኛ አለ፣ የጋራዥ ባለቤት አለ። ወርኃዊ ክፍያው ለሁሉም እኩል ነው። ጡሩምባው ተነፍቶ ሰው ሲሰበሰብ የሚተከለው ድንኳን፣ የሚደረደረው ወንበር፣ የሚወጣው ድስትና ለቤተሰቡ የሚሰጠው ገንዘብም እኩል ነው። የዕድሩ ዳኛ ቤት ሐዘን ቢገባ የሚነበበው ያው ደንብ ነው። ዕድር በከተማችን ይህን ያህል ዘመን የኖረው ማንም ሰው «የእኔ ሐዘን ከእሱ ሐዘን ያንሳል» ተብሎ ስላልተነገረው ይመስለኛል። መሥሪያ ቤታችን ከዕድር የወሰደው ማስከፈሉን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን በአቆራረጡ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ መቼ ሊቆረጥ እንደሚችል ወስኗል፤ ሕግ ሲያዝ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ አለዚያም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ። የኅብረት ስምምነታችንን ከዳር እስከ ዳር አገላብጠነዋል፤ ስለዚህ መዋጮ አንድም ቃል የለበትም። የሥራ ደንቡም ላይ የለም። የፈረመ ሠራተኛ እስካሁን አላገኘንም። ማስታወሻው «ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር በመመካከር» ይላል። ሥራ አስፈጻሚዎቹን ስንጠይቃቸው በስልክ እንደተነገራቸው፣ ስብሰባም ቃለ ጉባኤም እንዳልነበረ ነግረውናል። በስልክ የተነገረ ነገር ምክክር አይባልም።

አዋጁ ሌላም ገደብ አስቀምጧል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዙ ሲሶ ማለፍ የለበትም። ሕጉ ዕዳ ላለበት ሰው እንኳ እህል መግዣውን ትቶለታል። እኛ በወረቀት ስንዞር ለሰው ያን ያህል አልተጠነቀቅንም። የ2017ን ጥር ከደብተሬ ላቅርብ። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ የሠርግ ወቅት ነውና መዋጮው የሚደራረበው ያኔ ነው። በዚያ ወር አራት ሠርግ ነበር፣ ከእያንዳንዱ ሰው 300 ብር። ሁለት አራስ ጥየቃ፣ 150። አንድ ለቅሶ፣ 200። አንድ ሽኝት፣ 500። ድምሩ 2,200 ብር ይመጣል። ቅድም ያነሳሁት ተላላኪ ያን ጊዜም ደመወዙ ይኸው 6,200 ነበር፤ ስሙ በስምንቱም ወረቀት ላይ አለ፣ ስምንቱንም ከፍሏል። ሲሶው አልፎ ሄዷል። ወረቀቱን ይዤ ጠረጴዛው አጠገብ የቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ይህን ስጽፍ ይከብደኛል፤ ሆኖም ሳልናገር ብቀር ደብዳቤው እውነት አይሆንም። ሰው እንቢ እንዳይል የሚያደርገው አዋጅ ወይም ማስታወሻ ሳይሆን ይሉኝታ ነው፤ እኔም 11 ዓመት ሙሉ በሰው ይሉኝታ ስሰበስብ ኖሬያለሁ። ወረቀቱ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከአምስተኛ ፎቅ ነው። አንደኛ የሚጽፉት ኃላፊ 1,000 ብር ካሉ፣ ቀጥሎ ያለው ከ500 መውረድ ያፍራል፤ ከሥሩ ያለው 500ን አይቶ 300 ይጽፋል። ወረቀቱ ምድር ቤት ሲደርስ ዋጋው ተቆርጦ አልቋል። በግንቦት 2013 ቴሌብር መጥቶ ገንዘቡ በስልክ መላክ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰ። የከፈለበትን ማስረጃ እያነሳ በሠራተኛው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሚለጥፍ በዛ። ቀጥሎ ሰብሳቢዎቹ «የከፈሉ» እና «ያልከፈሉ» የሚል ዝርዝር ማውጣት ጀመሩ። ከሁለት መቶ ሰው በላይ በሚያየው ቦታ ስሙ «ያልከፈሉ» ሥር የተጻፈ ሰው ልጁን ሐኪም ቤት ይዞ እየተመላለሰ ይሁን፣ የቤት ኪራይ ተጨምሮበት ይሁን፣ ማንም አይጠይቅም።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የተቀጠረ አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። በሁለተኛ ሳምንቱ የሽኝት ወረቀት ይዤ ሄድኩ። የሚሸኙትን ሰው አንድ ቀን እንኳ አይቷቸው አያውቅም። እስክሪብቶውን ይዞ ከላይ የተጻፉትን ስሞችና ቁጥሮች በጣቱ እየተከተለ ወደ ታች ወረደ፣ እንደገና ወደ ላይ ተመለሰ፣ ከዚያ 500 ብሎ ጻፈ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት መዝገብ ቤት መጥቶ በሩን ገርበብ አድርጎ «እትዬ፣ ደመወዝ እስኪወጣ 500 ብር ያበድሩኛል?» አለኝ። ሰጠሁት። እዚያው ቆሞ መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠውና «ይኸው የሽኝቱ» አለኝ። የመጀመሪያ ደመወዙን ሳይቀበል የሥራ ቦታችን ባለዕዳ ሆነ። ያን ዕለት ማታ ስለዚህ ልጅ ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የተሻለ መንገድ እንዳለ በሁለት ሙከራ አይቻለሁና እሱንም ላስረዳችሁ። በ2015 ለአንዲት ታማሚ ባልደረባችን ሲዋጣ ወረቀቱን ከላይ መጀመር ትቼ ከበር ጀመርኩት። ጥበቃው አባባ 30 ብር ጻፉ፤ የፎቶኮፒ ሠራተኛዋ 50፤ እንደዚያ እያለ ሁሉም በአቅሙ እየጻፈ ወደ ላይ ወጣ። አምስተኛ ፎቅ ሲደርስ ኃላፊው ከሥር ያለውን ሁሉ አንብበው 3,000 ብር ጻፉ። ድምሩ ከወትሮው አላነሰም።

ሁለተኛው ሙከራ ፖስታ ነው። በ2016 ለአንዲት አራስ ስም የሌለበት ካኪ ፖስታ በየክፍሉ አንድ ቀን አንድ ቀን አሳደርኩ፤ የፈለገ ይጨምራል፣ ያልቻለ ያሳልፋል፣ ማንም አያየውም። ከእሷ በፊት ለወለደችው በስም ዝርዝር 12,600 ብር ተሰብስቦ ነበር። በፖስታው 11,350 ብር ተገኘ። የ1,250 ብር ልዩነት ነው። ገንዘቡን ስንቆጥር ከብሮቹ መሐል አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። «ዛሬ ምንም የለኝም። እንኳን ማርያም ማረችሽ በሉልኝ» ይላል። ከገንዘቡ ጋር አብረን ሰጠናት። ልጇ አሁን አንደኛ ዓመቱን አልፏል፤ ወረቀቷን እስከ ዛሬ በክትባት ካርዱ ውስጥ አስቀምጣታለች። በስም ዝርዝሩ ዘመን ቢሆን ኖሮ ያ ሰው፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ወይ ተበድሮ ይከፍል ነበር ወይ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ነበር። ፖስታው ሦስት ወር ብቻ ከሠራ በኋላ «ማን ስንት እንዳዋጣ በምን ይታወቃል?» የሚል አስተያየት ከላይ መጣና ወደ ዝርዝሩ ተመለስን።

ሦስተኛው ቅሬታችን ስማቸው በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ ስለሌለ ሰዎች ነው። የጽዳት ሠራተኞቻችን በሌላ ድርጅት በኩል የተቀጠሩ ናቸው። ከእነሱ አንዷን ሁላችንም እማማ እያልን እንጠራታለን፤ ስድስት ዓመት ቢሮዎቻችንን አጽድታለች። ደብተሮቼ ውስጥ ስሟን ፈልጌ ቆጠርኩ። በ43 ወረቀት ላይ አለች፤ አንዳንዴ 20፣ አብዛኛውን ጊዜ 50 ብር። እንድታዋጣ ማንም አልጠየቃትም፣ ራሷ «እኔስ ሰው አይደለሁም?» እያለች ትጨምር ነበር። ባለፈው ኅዳር ባለቤቷ አረፉ። ወረቀት ልከፍት ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «የእኛ ሠራተኛ አይደለችም፤ ለእሷ ድርጅቷ ያዋጣ» የሚል ነበር። እኔም ያን መልስ ተቀብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

በስድስተኛው ቀን ሥራ ገባች። ጥቁር ለብሳ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነበር። ከሰዓት በኋላ ለአንድ ኃላፊ ልደት በተሰበሰብንበት የስብሰባ አዳራሽ መጥረጊያዋን ይዛ ገባች፤ ጠረጴዛው ላይ የቶርታው ክሬም ተለጣጥፎ ነበርና ጎንበስ ብላ በጨርቅ ታነሳው ጀመር። ለዚያ ቶርታ ከተዋጣው ገንዘብ ውስጥ የእሷ 50 ብር ነበረበት። ሐዘኑ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት ነበር የሰጠችኝ፤ ደብተሬ ላይ ቀኑ ተጽፏል። ክፍሉ ውስጥ ከነበርነው ሰዎች መካከል ተነስቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ያላት ሁለት ሰው ነው።

አዲሱ ማስታወሻ ይህን ሊያርመው ይችል ነበር። ይልቁንም «ቋሚ ሠራተኞችን ብቻ» ብሎ በጽሑፍ አጸናው።

ለአለቃ ስለሚሰበሰብ ስጦታም በግልጽ መናገር አለብን። በሰኔ 2016 አንድ የመምሪያ ኃላፊ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲዛወሩ ከእያንዳንዱ የመምሪያው ሠራተኛ 1,000 ብር ተጠየቀ። የጠየቀችው ጸሐፊያቸው ነበረች፤ በውስጥ ስልክ እየደወለች «ስምህ እስካሁን አልደረሰንም» ትል ነበር። ካባ ተለበሰላቸው፣ የአንገት ሐብልም ተበረከተላቸው። በዚያው ወር 22 ዓመት በር የጠበቁ አባት 60 ዓመት ሞልቷቸው በጡረታ ወጡ። ለእሳቸው የተከፈተው ወረቀት ከመዝገብ ቤትና ከምድር ቤቱ አልወጣም። ጋቢ ገዝተን ሰጠናቸው። አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው መሄዳቸውን ያወቀው በማግስቱ በሩ ላይ ሌላ ሰው ሲያይ ነው።

የሥራ አፈጻጸሜን በየስድስት ወሩ የሚሞላልኝ፣ ዕድገቴንና የዓመት ፈቃዴን የሚፈርምልኝ ሰው ስጦታ ሲገዛለት፣ «አልችልም» ለማለት ነጻ ነኝ ብሎ የሚነግረኝ ሰው ካለ በእኔ ቦታ ተቀምጦ ይሞክረው። ከበታች ሠራተኛ ለአለቃ የሚወጣ ገንዘብ፣ የሰጪው ልብ ቢወድም እንኳ፣ ፈቃድ ነው ተብሎ ሊቆጠር አይችልም። በቅንነት የሠሩ አለቆች ቢኖሩ እንኳ ክብራቸውን የሚጎዳው ይኸው ነው፤ ስጦታቸው ከፍቅር ይሁን ከፍርሃት የመጣ መለየት አይችሉም።

ሒሳቡን በተመለከተ ረዘም ያለ ነገር የለኝም። ለዚያው ሽኝት የተሰበሰበው 41,000 ብር ነበር፤ ደረሰኝ የቀረበው ለ28,500 ነው። ቀሪው 12,500 ብር «ለአስተባባሪዎች ምሳ» ዋለ ተባለ። ጠይቀን መልስ አላገኘንም።

ማስታወሻውን ያዘጋጁት ሰዎች ሐሳባቸው ምን እንደነበር አንክድም። ወረቀት በዛ፣ ሰው ተማረረ፣ ስለዚህ አንዴ በወር ተቆርጦ ይለቅ ብለው ነው። ከመካከላችንም «ቢያንስ ስሜ ግሩፕ ላይ አይለጠፍም፣ ይቆረጥ» ያሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ይሁንና ቁረጣው ከጀመረ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በያዝነው የካቲት ለአንድ ምክትል ሥራ አስኪያጅ «ተጨማሪ» የሚል ወረቀት ዞሯል፤ እኔ አልዞር ስላልኩ በሌላ ሰው እጅ ነው የዞረው። ስለዚህ አሁን ሁለቱንም እየከፈልን ነው። ችግሩ የወረቀቱ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ይፈታ ነበር።

አንድ ነገር በመሐል ላንሳ፤ ከገንዘቡ ያልተናነሰ ነው። ሕጉ ለሐዘንም ለጋብቻም ለእያንዳንዱ ሦስት የሥራ ቀን፣ ሚስቱ ለወለደች አባት ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። በዚህ መሥሪያ ቤት ብዙ ወላጅ አባቶች ያቺን ሦስት ቀን እንኳ ሳይወስዱ «ሥራ ይበዛል» ተብለው ተጠርተዋል። ወላድ ቤት 150 ብር ይዘን ከመሄዳችን በፊት ባሏን ቤቱ ብንተውላት ይበልጥ የጠቀምናት ይመስለኛል።

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ከጥር ደመወዛችን የተቆረጠው 300 ብር በሚቀጥለው ደመወዝ ይመለስልን፤ ቁረጣውም ይቁም። በፈቃዱ በጽሑፍ የሚስማማ ሠራተኛ ብቻ ይቀጥል፣ በፈለገ ጊዜም መውጣት ይችል።

ደረጃን መሠረት ያደረገው ሠንጠረዥ ይሰረዝ። ወደፊት የጋራ መዋጮ የሚኖር ከሆነ አከፋፈሉ ከደመወዝ ጋር ይመጣጠን፤ ለሐዘን፣ ለወሊድ፣ ለጋብቻና ለጡረታ የሚሰጠው ግን ለማንም ሰው አንድ ዓይነት ይሁን። በዚህ ቤት ከአንድ ዓመት በላይ አብረውን የሠሩ የጽዳት፣ የጥበቃና የጉልበት ሠራተኞች፣ ደመወዛቸውን የሚከፍላቸው ማንም ይሁን ማን፣ ይካተቱ።

የከፋይና ያልከፋይ ስም ዝርዝር በቴሌግራምም በሰሌዳም እንዳይለጠፍ በጽሑፍ ይከልከል። አሰባሰቡ ስም በሌለበት ፖስታ ይሁን። አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜውን እስኪጨርስ ድረስ ምንም ዓይነት መዋጮ አይጠየቅ።

ከበታች ሠራተኛ ገንዘብ ተሰብስቦ ለቅርብ አለቃ ስጦታ መግዛት ይቅር። መሥሪያ ቤቱ ኃላፊን ማክበር ከፈለገ ከራሱ በጀት ያክብር። አበባም፣ ካርድም፣ ሁሉም ሰው የፈረመበት ደብዳቤም በቂ ነው።

ከሠራተኛው የተመረጡ ሦስት ሰዎች ሒሳቡን ይያዙ፤ አንዱ ከድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች ይሁን። ደረሰኝና ቀሪ ሒሳብ በየሦስት ወሩ ለሁሉም ይነበብ። የ2016ቱ ሽኝት 12,500 ብርም በዚሁ አጋጣሚ ይጣራ።

ለጽዳት ሠራተኛችን ደግሞ የባለቤቷ ሐዘን ዛሬም አልረፈደም። እኛ ያለፈው እሑድ ቤቷ ሄደን ነበር። ከመምሪያው የሚመጣ ሰው ካለ ቤቱን የምናውቅ ሰዎች አብረን እንሄዳለን።

መልሳችሁን የየካቲት ደመወዝ ከመሠራቱ በፊት በጽሑፍ እንጠብቃለን። ሦስቱ ደብተሮች መዝገብ ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ባለው መሳቢያ ውስጥ ናቸው። የመምሪያው ሰው ወይም የማኅበሩ ተወካይ በፈለገ ጊዜ መጥቶ ማየት ይችላል፤ ሆኖም ማን ስንት እንደከፈለ የሚያሳየውን ዓምድ በወረቀት ሸፍኜ ነው የማሳየው።

ከሰላምታ ጋር፤

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ላለፉት 11 ዓመታት የመዋጮ ሰብሳቢ
ከ37 የሥራ ባልደረቦቿ ጋር
አዲስ አበባ፣ የካቲት 2018 ዓ.ም